ማተቤን የያዙልኝ ሰው

እኔ ሊፍት እንኳ ፈርቼ አምስተኛ ፎቅ በደረጃ የምወጣ ሰው ነኝ። አዳማ ላይ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተኝተው የሚነሱት ኤምአርአይ ታዘዘልኝ። ባለሙያዋ «ብረት ያለበትን ሁሉ አውልቅ» ብላኝ ማተቤን ከነመስቀሉ አውልቄ እንደጨበጥኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

አጠገቤ ሙስበሃ እየቆጠሩ ተራ የሚጠብቁ ከቡልቡላ የመጡ አዛውንት እጃቸውን ዘረጉ። «ለኔ ስጠኝ። ሦስት ጊዜ ገብቼበታለሁ፤ ምንም አይደል፣ ዓይንህን ጨፍን።»

ገባሁ። ጣሪያው አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ማሽኑ እንደ ጋራዥ መቀጥቀጥ ሲጀምር ትንፋሽ አጠረኝ። ባለሙያዋ ያስያዘችኝን የመጥሪያ ኳስ ልጨምቅ እልና፣ ሽማግሌው ሦስት ጊዜ የቻሉትን ብዬ እተወዋለሁ።

ስወጣ የእሳቸው ስም ተጠራ። ማተቤን መለሱልኝና ሙስበሃቸውን መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

«የኔን ደግሞ አንተ ያዝልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ገብቼበት አላውቅም። እውነቱን ንገረኝ፤ ውስጡ እንዴት ነው?»