ምላጭ የሚለው ቃል

ባለፈው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንዲት የክፍሌ ልጅ ድምፅ የሚከለክል የጆሮ መሸፈኛዋን አዋሰችኝ። ሳጠልቀው የአዳራሹ ጫጫታ ጠፋና የራሴ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ወዲያው ሌላ ክፍል ታወሰኝ። የተቃጠለ ክብሪትና የማሽን ዘይት የሚሸት፣ ነጭ መብራት የበራበት ረጅም ክፍል። የጀመርኩትን ገጽ ሳልጨርስ አውልቄ መለስኩላት።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከአገር ወጥተን በምንኖርበት፣ ዲፕስሉት በሚባል ሠፈር ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ከዳቦ እስከ ሳሙና ሁሉም የሚገኝባት ትንሽ ሱቅ። ሱቋ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ስትዘረፍ፣ አባቴ የመሣሪያ ፈቃድ ለማውጣት ወሰነ። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ተኩስ መለማመድ ነበረበት።

የአጎቴ ልጅ ከሆሳዕና ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ረጅምና ዝምተኛ፣ ሲያዩት ደግ። እውነቱን ለመናገር አልወደውም ነበር። እሱ ሳይመጣ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ልናመጣ ወደ ከተማ ስንወርድ፣ በአሮጌው ባኪ፣ በፒካፕ መኪናችን፣ ጋቢና ከአባቴ ጎን የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። እሱ ከመጣ በኋላ ከኋላ ወንበር ሆንኩ።

ከወንበሩ የባሰው ግን ቋንቋው ነበር። እናቴ ከምባታ፣ አባቴ ሀዲያ ስለሆኑ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ እኔም ሌላ አላውቅም። እነሱ ሁለቱ በሀዲይሳ ሲያወሩ አባቴ የሚስቀው ሳቅ እኔ ሰምቼው የማላውቀው ነበር። “ምን አለ?” ስለው፣

“ተይው ልጄ፣ በአማርኛ አያስቅም” ይለኛል።

የተኩስ ቦታው ቀጠሮ የተያዘው ለሁለት ሰው ነበር፤ ለአባቴና ለእሱ። እኔ የምሄደው እንግሊዝኛውን ላስተረጉም ነው።

“እኔስ ለምን አልተኩስም?” አልኩት አባቴን።

“አንቺ ምን ያደርግልሻል? ሱቅ የሚያድረው እሱ ነው።”

መልሱ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ስንደርስ አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ጸለየ። “ጌታ ሆይ፣ እንድናውቀው እንጂ እንድንፈልገው አታድርገን።” የአጎቴ ልጅ ጮክ ብሎ “አሜን” አለ። እኔም በልቤ አልኩ፤ ግን ዓይኔን ገልጬ እሱን እያየሁ ነበር።

አሰልጣኙ ቁምጣና ረጅም ካልሲ ያደረገ ሽማግሌ ነጭ ነበር። የሁለቱን ፓስፖርት አየና አባቴን በእንግሊዝኛ “ልጅህ ነው?” አለው።

“የስ፣ ማይ ሳን” አለ አባቴ።

“እሷስ?”

“ትራንስሌተር።”

አሁን ሳስበው፣ አባቴ “የወንድም ልጅ” የሚለውን በእንግሊዝኛ አያውቀውም ነበር። ያኔ ግን ይህ በአእምሮዬ አልመጣም። ፊቴ እስኪግል ድረስ ቆሜ መሬት መሬት አየሁ።

አባቴ ከሌላ አሠልጣኝ ጋር ወደ መጨረሻው መስመር ሄደ፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ሸፍነው መተኮስ ጀመሩ። እያንዳንዱ ተኩስ በደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ሽማግሌው የአጎቴን ልጅ ያዘው፤ እኔም የጆሮ መሸፈኛ እንዳጠለቅኩ በመሃል ቆሜ እየጮህኩ አስተረጎምኩ። እግርህን ክፈት። አፈሙዙን ከፊት ለፊት አታንቀሳቅስ። እስክትታዘዝ ጣትህን አታስገባ። ጣቱ የሚገባበትን ነገር ስሙን በአማርኛ ስለማላውቀው “እዚያች ጋ” ብዬ አለፍኩ።

ሽጉጡ ጥይት ጎርሶ እጁ ላይ ነበር። የአጎቴ ልጅ ዓይኑን ከዒላማው ወረቀት ሳያነሳ፣

“እህቴ፣ ምላጩን አሁን ልሳብ ወይ በይልኝ” አለኝ።

እኔ የማውቀው ምላጭ አንድ ነው፤ ሱቃችን ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው፣ ወንዶች አንድ አንድ እያሉ የሚገዙት የጺም መላጫ። ግራ ገባኝ፤ ቢሆንም የተባልኩትን ልፈጽም ብዬ ለሽማግሌው በእንግሊዝኛ “ምላጭ ላውጣ ወይ ይላል” አልኩት።

 ሽማግሌው ሽጉጡን ከአጎቴ ልጅ እጅ ቀማው፣ የጎረሰውን ጥይት አውጥቶ አስቀመጠው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነ። ቀይ መብራት በራ። ተኩሱ ሁሉ ቆመ። ሌላ ሰው መጥቶ የአጎቴን ልጅ ክንዱን አስዘርግቶ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ። መሐረብ፣ የሱቅ ቁልፍ፣ ሦስት ከረሜላ፣ ትንሽ አዲስ ኪዳን።

“ምን አልሽው?” አለኝ የአጎቴ ልጅ። ድምፁ አልተቆጣም። ሌባ ጣቱን በአየር ላይ አጠፍ አደረገና “ምላጩን እኮ ነው ያልኩት” አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ምላጭ ያለው ያን ስሙን የማላውቀውን፣ ጣቱ የሚገባበትን ነገር ነበር።

በደንብ ገባኝ። አባቱ የቀበሌ ሚሊሻ ስለነበሩ የጠመንጃን ቃላት ከልጅነቱ ያውቃቸዋል፤ እኔ ደግሞ ያደግኩት ምላጭ በሚሸጥበት ቤት ነው። ለሽማግሌው አንድ ዓረፍተ ነገር ብነግረው ሁሉም ያበቃ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት። ግድግዳውን ተደግፎ እጁን ዘርግቶ ሲፈተሽ እያየሁ፣ “አላውቅም፣ ቆይ ጠብቅ” አልኩት።

የቆየው ምናልባት ሁለት ደቂቃ ነው። እስከዛሬ የቆምኩበትን ሲሚንቶ ስንጥቅ አስታውሳለሁ።

አባቴ የጆሮ መሸፈኛውን እያወለቀ መጣ፣ ከወንድሙ ልጅ ሰማ፣ ከዚያ ጣቱን እያጠፈ “ዲስ ዋን፣ ሰር። ዲስ ዋን” አለ። ሽማግሌው ትንሽ ፈገግ አለ። ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው፣ ተኩስ ተቋርጦ የተፈተሸ ሰው በዚያ ቀን አይተኩስም አለ። እኔ ለአጎቴ ልጅ ተረጎምኩለት። ይህንን አንድም ቃል ሳልስት ተረጎምኩት።

“እንግዲያው የሱን አንቺ ተኩሺ” አለኝ አባቴ።

የተመኘሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። አባቴ ከኋላዬ ቆመ፤ ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጁ ከባድና ሞቃት ነበር። “ቀስ፣ ትንፋሽሽን ያዢ” ይለኛል። ስድስት ጥይት ተኮስኩ፤ ቀለሃዎቹ ሲሚንቶው ላይ እየተንጫጩ ወደቁ። አምስቱ የት እንደገቡ አላውቅም፤ ስድስተኛው የወረቀቱን ጠርዝ ቀደደ። ዘወር ስል የአጎቴ ልጅ ከመጠበቂያው ክፍል መስታወት ወዲያ ሆኖ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ ያጨበጭባል። ድምፁ አይሰማም።

ወደ ቤት ስንመለስ የአጎቴ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ “ጥፋቱ የኔ ነው እህቴ። ምላጭ ሁለት ዓይነት መሆኑን ልነግርሽ ይገባ ነበር” አለኝ።

“እኔም አላወቅኩም” አልኩት።

አባቴ በመኪናው መስታወት አየኝ። ከዚያ በሀዲይሳ አንድ ነገር አለው፤ ሁለቱም አልሳቁም። ምን እንዳለው አልጠየቅኩም።

አባቴ ፈቃዱን ሳያወጣ ሱቁን ሸጠ። የአጎቴ ልጅ አሁን ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሌላ ሠፈር ውስጥ የራሱ ስፓዛ አለው፤ የምንገናኘው በበዓል ነው። ባለፈው ወር ግን ደወለልኝ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱን ለማሳደስ ቢሮ አብሬው እንድሄድ ፈለገ። በሰልፉ ላይ ከፊታችን የቆመ ያገራችን ሰው፣ በክፍያ የሚያስተረጉም ጎበዝ ልጅ አለ ብሎ ሊያገናኘው ሲል፣ “አይ፣ እህቴ አለች” አለው። “ዩኒቨርሲቲ ናት። እሷ ካለች እኔ ዝም ብዬ ነው የምፈርመው።”

ቅጹን መስመር በመስመር ነገርኩት፤ ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

“ገባኝ እኮ፣ ለምን ትደጋግሚዋለሽ?” አለ እየሳቀ።

“አንድ ነገር ልነግርህ…” ስል ጸሐፊዋ ቁጥራችንን ጠራች። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ፣ የት ጋ እንደሚፈርም ጠየቀኝ፣ አሳየሁት። ወረቀቱን ሳያየው እኔን እያየ ፈረመ።