የስፒናው ሦስተኛ እግር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ አሰፋ አንድ ፒንሳ ሰጡኝና የስፒና ክምር ፊቴ ዘረገፉ። ጂንካ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አሠሪዬ ነበሩ።

"ሦስተኛውን እግር ቁረጥ" አሉኝ።

"ለምን ጋሼ?"

"የከተማችን ሶኬት ሁሉ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ሦስተኛው የት ይግባ? ትርፍ ነው!"

እስከ ምሳ ድረስ ቆረጥኩ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ግን ሙያ የገባሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ አሰፋ አርፈው ሱቁን እኔ ይዤው ሳለ ማቴዎስ መጣ። ከወላይታ የመጣ አናጢ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ግን የተባረከ። ቆመው የሚጫወቱበት የጌም ሳጥን በኮምፔንሳቶ ሠርቶ፣ ቁልፎቹ ያሉበትን ፊት በላሜራ ለብጦታል። የቀረው መብራቱ ነበር።

"ከአሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ መብራት የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ አውጥቻለሁ። አንተ አገናኝልኝ፣ ታፌ" አለኝ።

ቀዩን ሽቦ ከአምስት ቮልቱ፣ ቢጫውን ከአሥራ ሁለቱ፣ ጥቁሩን ከመመለሻው አገናኘሁ። እንዲነሳ አረንጓዴዋን ሽቦ ከጥቁር ጋር አጣመርኳት። የፓወር ሰፕላዩን ብረት ከላሜራው ጋር በብሎን አሰርኩት። በመጨረሻ ስፒናውን አነሳሁና እንደ ልማዴ ሦስተኛውን እግር ቆረጥኩት።

ማቴዎስ ሳጥኑን ቤቱ በረንዳ ላይ አቁሞ ማጫወት ጀመረ፤ በበጋ ችግር አልነበረም። ዝናብ ሲጀምር ግን የማቴዎስ በረንዳ አፈር ራሰ። በገበያ ቀን አንድ የአሪ ገበሬ በባዶ እግሩ ቆሞ ቁልፉን ሲነካ እጁን መንጭቆ ጮኸ። ጫማ ያደረገ ሰው ምንም አይለውም፤ ባዶ እግሩን የቆመውን ሁሉ ይነዝረዋል። ወሬው ወዲያው መልኩን ቀየረ። ሳጥኑ ሰው እየመረጠ ይይዛል፣ ሰይጣን አለበት ተባለ።

ማቴዎስ በጸሎት ቤታቸው ዘማሪ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገሩ እስኪጣራ ከመዘምራኑ አገዱት።

"ላቃጥለው ነው" አለኝ ሱቄ መጥቶ። "ሳጥኑ ይቅርብኝ። መዝሙሩን ግን መተው አልችልም።" ስለ እኔ ሥራ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሄጄ ቴስተሬን ላሜራው ላይ ሳሳርፍ ውስጡ ያለችው አምፖል በራች። ክው አልኩ። ከፓወር ሰፕላዩ የሚሾልከው ኤሌክትሪክ መሄጃ የሚያገኘው በዚያች በቆረጥኳት እግር ነበር። እግሯ ስትጠፋ በሰው በኩል ወደ መሬት ይወርዳል።

አልዋሽም፣ በዝምታ ጠግኜው ልሄድ አስቤ ነበር። ግን ሰይጣኑ በማቴዎስ ስም ተመዝግቦ ሊቀር ነው። "ሽማግሌዎቹን ጥራቸው" አልኩት።

አቶ ዳና፣ ትልቁ ሽማግሌ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር መጡ። ቴስተሩ ላሜራው ላይ ሲበራ አሳየኋቸው። ከዚያ ፌሮ መሬት ውስጥ ቀብሬ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ጨምሬ፣ ውኃ አጠጥቼ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ብረት ሽቦ ሳብኩለት። ቴስተሩን መልሼ ሳሳርፍ አምፖሏ አልበራችም። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ላይ ቆምኩና ላሜራውን ያዝኩት።

አቶ ዳና ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ ፈቱ። ሱሪያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ቆሙና መዳፋቸውን ላሜራው ላይ አሳረፉ። ማቴዎስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

"ምንም የለም" አሉ። "ታዲያ ሰይጣኑስ?"

"ሰይጣን አልነበረም፣ አባቴ። ስፒናውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

አቶ ዳና ጫማቸውን አነሱ። "ይህንን እሑድ በጉባኤ ፊት ትናገራለህ?"

እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ ጸሎት ቤታቸው ረግጬ አላውቅም። እሑድ ግን የተቆረጠውን ስፒና በእጄ ይዤ ቆምኩና ተናገርኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ስጨርስ አቶ ዳና ለማቴዎስ ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ ተነስቶ ቦታው ገባና ዘመረ። እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ሰኞ ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የነቀልኩት የራሴን ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ነው፤ በቦታው የመሬት ሽቦ ያለውን ባለ ሦስቱን ተከልኩ። እናንተም ስፒናው አልገባ ካላችሁ ሶኬቱን ቀይሩ። እግሩን አትቁረጡ።