በሶ ወደ አሽዶድ

ማክሰኞ፣ ጎንደር

የተነሣሁት ታላቅ እህቴን እትዬ ያልጋነሽን ልጠይቅ ነው። አሽዶድ፣ እስራኤል ካለው ቤቷ ጎርፍ ገብቶ ዕቃዋን አበላሽቶባታል። ካገር ከወጣች ሃያ ዓመት ቢሆናትም ስሟ ከዕድራችን አልተፋቀም፤ በዕድራችን ደግሞ አደጋ የደረሰበት ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ወይዘሮ ሙሉ በሶ ፈጩ፤ ሌሎቹ ሽሮና አንድ ጋቢ ጨመሩ። «ሳትቀበልህ እንዳትመለስ» ብለው ሸኙኝ። እኔም አፌን ሞልቼ እሺ አልሁ።

ረቡዕ፣ መንገድ

እስራኤል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አማርኛ የምትናገር ወጣት ፈታሽ የበሶውን ከረጢት ከፍታ አሸተተች።

«ምንድን ነው?»

«በሶ ነው። ቤቷ ጎርፍ ለገባባት እህቴ።»

«ከጎንደር ድረስ?» አለችና ፈገግ ብላ አሳለፈችኝ።

አውቶቡሱ አሽዶድ ገብቶ ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሲያልፍ ፎቁንና መኪናውን አየሁ። «ላለው ይጨመርለታል» ብዬ በራሴ ሣቅሁ። ትንሽም አፈርሁ።

እትዬ የምትኖረው ግን ሮቫ ጊሜል በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ያረጀ ፎቅ ምድር ቤት ነው። ውሃው ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት ምልክቱን ትቷል። አዲስ ፍሪጅ ግን ቆሟል። ወደብ የሚሠራው ልጇ አቪ ሻንጣዬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አጎቴ፣ ለምን ለፉ? ፍሪጁን ቢቱዋሁ፣ ኢንሹራንሱ ከፈለ። ዒሪያውም፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሠራተኛ ላከ። ይቺ አገር እርዳታ ትሰጣለች እንጂ ከድሃ አገር አትቀበልም። ይመልሱና ለተቸገረ ይስጡት።»

እውነቱን ለመናገር አሳመነኝ። ሻንጣውን ልዘጋ ስል እትዬ እጄን መታ አደረገችኝ።

«ሃያ ዓመት ስልክላችሁ አንድ ቀን መልሳችሁብኛል? ፍሪጅ የሚያመጣ መጥቷል። ‹እግዜር ይተካልሽ› ብሎ አጠገቤ የተቀመጠ ግን የለም። እኔስ የምጠየቀው መቼ ነው?»

«እማ፣ እኛ እኮ አልተቸገርንም» አለ አቪ።

«የዚህ አገር ጫካ ሲቃጠል ከውጭ አገር የመጡት እሳት ማጥፊያ አውሮፕላኖችስ? ያኔ ማን አፈረ? በል ውሃ አምጣ።»

አቪ እየሣቀ ውሃ አመጣ። እሷም በሶውን ጨብጣ መጀመሪያ ያጎረሰችው እሱን ነው።

እስከ ቅዳሜ

ጋቢውን ለብሳ ተቀመጠች። የሰፈሩ ሴቶች ወሬውን ሰምተው እየመጡ በሶ ቀመሱ፤ «እግዜር ይተካልሽ» አሏት። ስለ ጎርፉ ደጋግማ አወራች፤ በሦስተኛው ቀን ወሬው ሣቅ ሆነ። እኔም ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ።

ማክሰኞ፣ ጎንደር

ቤቴ በሰላም ገባሁ። ሀብታም ሰውም አገርም ቢሆን በክፉ ቀኑ የሚጠይቀው እንደሚፈልግ፣ ሁልጊዜ ሰጪ መሆንም ብቸኝነት እንዳለው የተማርሁት በዚህ ጉዞ ነው። ዕድርተኛው ተሰብስቦ ሲጠብቀኝ «ተቀበለች» አልኋቸው።

ወይዘሮ ሙሉ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያልጋነሽ ከሦስት ዓመት በፊት ሹራብ ልካልኝ ነበር» አሉ። «የምመልስላት ስለሌለኝ ከሣጥን አላወጣሁትም። ነገ እለብሰዋለሁ።»