በኮሪያ ሙዚየም «አንተ» ልባል የነበረበት ዕለት

ልጄን ሶስናን የማገኛት በዓመት ሁለቴ፣ ከምሠራበት ከጎዴ ለእረፍት ስመጣ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷና ከእናቷ ባል ጋር ትኖራለች። የኮሪያ ድራማ ነፍሷ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ወሎ ሰፈር አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ የኮሪያ ባህል ሙዚየም ወሰድኳት።

ታክሲ ውስጥ «እርስዎ በመስኮቱ በኩል ይቀመጡ» ስትለኝ ኮራሁ። እናቷ ሌላ ሌላው ቢቀር በአስተዳደግ አትታማም አልኩ በልቤ።

ከእኛ በቀር ጎብኚ የለም። አማርኛ የምትችል አንዲት ኮሪያዊት ጫማችንን አስወልቃ አስገባችን። እኔ ሆዬ፣ የካልሲዬን ቀዳዳ በሌላኛው እግሬ ረግጬ እንደ ሽመላ ቆምኩ።

«በእኛም አገር እንደ እናንተ ‹አንተ› እና ‹እርስዎ› አለ» አለችና ሶስናን ትፈትናት ጀመር። «ለአያትሽ ምን ትያለሽ?»

«እርስዎ።»

«ለአባትሽስ?»

«አንተ!»

ለካ እስካሁን አፍራኝ ኖሯል! ከደስታዬ ብዛት እግሬን ከእግሬ ላይ ማንሳቴንም አላወቅሁ።

«በይ እስቲ አሁን በዪው» አለቻት ሴትዮዋ ወደ እኔ እየጠቆመች።

ሶስና ግራ ገብቷት አየቻት። «አባዬ እኮ አልመጣም፤ ቤት ነው ያለው።»

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ሴትዮዋ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ካልሲዎ ተቀዷል» አለችኝ።