በላ ልበልሃ በፓርላማ

ትናንት ወረታ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ቴሌቪዥኑ ያንን ባለሰዓት ማማ ቤት አሳየ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መምህር አጠገቤ ነበር።

«አባባ፣ ይመልከቱ! የድሮው ፓርላማ ነው።»

«አውቀዋለሁ፤ ተገፍትሬ የወጣሁበት ቤት ነው» አልሁት።

ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁ ሰው ነኝና አጻጻፌን አትናቁ፤ የሚናቅ ሌላ አለ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጎረምሳ ነበርሁ። ጣና በበጋ ሲሸሽ የሚለቀውን የግጦሽ ሜዳ አንድ ባላባት አጥሮ ያዘብን። ላሞቻችን ነጠፉ። ሜዳውን አስመልሳለሁ ብሎ፣ ከየቤታችን ጠላ ጠጥቶ፣ ዶሮ በልቶ የተመረጠ እንደራሴ ነበረን። ሄዶ ድምፁ ጠፋ። አገሩ መክሮ አጎቴን አያ ደምሌንና እኔን ላከን፤ ፊት ለፊት እንድንጠይቀው።

በሶ ሰንቀን፣ በጭነት መኪና የኑግ ጆንያ ላይ ተቀምጠን የዓባይን በረሃ ወረድን፣ ወጣን። አቧራው ከበሶው ጋር ጥርሳችን ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር። ፓርላማው በር ላይ ዘበኛው ዱላችንን ተቀብሎ ለተመልካች ከተሠራው ሰገነት አስቀመጠን።

ከታች ያ ሁሉ ሹም ያዛጋል። የኛው ሰው አንቀላፍቷል። ጠግቦ የተኛ የፎገራ በሬ እንኳ ያመሰኳል፤ ይኸ እሱንም አያደርግም።

በኛ አገር ሸንጎ፣ ዋርካ ሥር፣ የተበደለ ተነሥቶ ባለጋራውን ይሞግታል፤ ዝም በል የሚለው የለም። አያ ደምሌም ያው ሸንጎ መስሎት ኩታውን አጣፍቶ ተነሣ።

«በላ ልበልሃ! ሜዳችንስ?»

ሹሙ ሁሉ ወደ ሰገነቱ አንጋጠጠ። እንደራሴው ባንኖ ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጠምን።

«ሰዎቹን ያውቋቸዋል?» አለው ሰብሳቢው።

«ኧረ አላውቃቸውም!»

«ዶሮዬን ስትበላ ታውቀኝ አልነበር!» አለ አያ ደምሌ።

ሣቁ። ያን ያህል ሰው፣ አገር ግጦሹን ተቀምቶ ሲጮኽ፣ ሆዱን ይዞ ሣቀ። እኛን ዘበኞች በክንዳችን ጎትተው አወጡን።

ሜዳው በዚያው ቀረ። አያ ደምሌ የቀረችውን ላም ይፋግ ገበያ ነድቶ ለሥጋ ሸጣት፤ ገመዷን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመለስ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

መምህሩ ይኸን ሰምቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመ።

«ቢሆንም አባባ፣ ቤቱ ታሪክ ነው፤ መጠበቅ አለበት።»

«ጠብቁት» አልሁት፤ «ድንጋዩ ምን አደረገ? የኛን ሜዳ ግን ቅርስ ነው ብሎ የጠበቀልን የለም።»