ጀሪፍ ላይ ያቆመን ጎማ

ባለፈው ክረምት ልጄ ብስክሌቱን እየገፋ ከውጭ ገባና «እማዬ፣ ፔዳሉን ስመታው ባዶውን ይዞራል» አለኝ። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቼ ግራና ቀኝ ወዘወዝኩት። ከመሃሉ አሸዋ የሚያላምጥ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ልጄ «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ ሐሳቤ ካርቱም ደርሶ ነበር።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው አል-ሳሃፋ በሚባል የካርቱም ሰፈር ነበር፤ ግቢውን ከአንድ የሱዳን ቤተሰብ ጋር ተጋርተን። አባቴ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ከአገር የወጣበትን የፖለቲካ ጉዳይ ማንሳት አይወድም። ስለ ብስክሌት ግን ከጀመረ አያቆምም፤ በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ላይ ብስክሌት ያከራይ ነበርና። ካርቱም ውስጥ የዕቃ መጋዘን ነበር የሚሠራው። እናቴ ዘይነብ ደግሞ በከተማው ሌላኛ ጫፍ፣ አል-ማንሺያ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። ድሮ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ትመጣልን ነበር። የቤቱ አሮጊት አልጋ ከያዙ ወዲህ ግን እሱም ቀረ። እሷ መምጣት ካልቻለች እኛ በየጁምዓው መሄድ ጀመርን።

የምንሄድበት ብስክሌት ከዚያው ቤት የወጣ ነው። የቤቱ ጎረምሳ ትቶት ግቢ ውስጥ የዛገ፣ ጎማው ወፍራም፣ ባለማርሽ የተራራ ብስክሌት ነበር፤ እናቴ ለምና ወሰደችው። ተራራ በሌለበት ከተማ የተራራ ብስክሌት መያዛችን አባቴን ሁልጊዜ ያስቀው ነበር። ከኋላው የብረት መቀመጫ አስበየደለትና እኔን እዚያ ላይ ያስቀምጠኛል። ሸሚዙን ጨብጬ ስንሄድ ከየምግብ ቤቱ የፉል ሽታ ይመጣል። ሴቶች በራቸው ላይ ውሃ ሲረጩ አቧራው እንደ ዝናብ ቀን ይሸታል። መጨረሻ ላይ የአል-ማንሺያ ጥላ፣ ትልቁ የብረት በር፣ ከዚያ እናቴ። ስታቅፈኝ እጇ የሌላ ሰው ቤት ሳሙና ይሸት ነበር።

ሁለታችንን መሸከሙ የኋላውን ጎማ ሳይጎዳው አልቀረም። በመጀመሪያ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎ እኔ ከተቀመጥኩበት ሥር ይወላገድ ጀመር። አባቴ ወዘወዘውና «ሞዞው ነው» አለ። ሞዞ የሚሉት ከጎማው መሃል ያለውን፣ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ሁሉ የሚሰበሰቡበትን ብረት ነው። አማርኛዬ የተሰባበረ ስለነበር አባቴ እንዲህ ያለውን ቃል በብስክሌቱ ላይ እያሳየ ያስተምረኛል። ሞዞ፣ ኩሽኔታ፣ ሰንሰለቱ ካቴና፣ ቅባቱ ግራሶ። እኔ ደግሞ የሰፈሩን ዐረብኛ እመልስለታለሁ፤ ብስክሌቱን «አጀላ»፣ በኩሽኔታው ውስጥ ያሉትን ድቡልቡል ብረቶች «ቢሊ» እለዋለሁ፣ ይስቃል። «በሚመጣው ሳምንት እፈታዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» ይላል። ሳምንቱ ይመጣል፣ ሥራ ይበዛል፣ ጎማው እንደተወላገደ ይቀራል።

አንድ ጁምዓ እናቴ ዐይኗ ቀልቶ ወጣች።

«ሰዎቹ ጅዳ ሊዛወሩ ነው» አለችው አባቴን። «ለሁለት ዓመት አብረሽን ነይ ብለውኛል።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ? ለሌላው ሳምንት ቅዳሜ መልስ ይፈልጋሉ። አስብበትና የሚቀጥለው ጁምዓ ንገረኝ። አንተ ያልከውን ነው የምላቸው።»

ያን ሳምንት አባቴ ሐሙስ ማታ ፀጉሬን እያሻሸ «እናትሽ ብትሄድ ይሻላል» አለኝ። «ገንዘቡ ለትምህርትሽ ነው። ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ሃዩ? ሳናስበው ታልቃለች።» ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሚረዝም በጁምዓ ልቆጥረው ሞከርኩና አቃተኝ።

በማግሥቱ መንገዳችን ላይ ያለው ጀሪፍ ሰፈር ስንደርስ የአባቴ እግር ድንገት ወደ ታች ሄደና ልንወድቅ ለጥቂት ተረፍን። ፔዳሉ ይዞራል፣ ካቴናው ይዞራል፣ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። አባቴ ብስክሌቱን ገልብጦ አየው። «ካቴናው ደህና ነው፣ ማርሹም ደህና ነው» አለ ለራሱ። «ማርሹን ከጎማው የሚያያይዙት የውስጥ ምላሶች አልነከሱም። አቧራ አጣብቋቸዋል።» ጎማውን ሲወዘውዘው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኒም ዛፍ ሥር የአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ቦታ ነበር፤ ግን የጁምዓ ሶላት ሰዓት ነውና ዕቃው በሸራ ተሸፍኗል። አባቴም አጠገቡ ካለው መስጊድ ደጅ ከተደረደሩት ጋር ሰገደ፤ እኔ ብስክሌቱን እየጠበቅሁ እናቴ አል-ማንሺያ በሩ ላይ ቆማ በሐሳቤ ትታየኛለች።

አባቴ የሚያውቃቸው ጠጋኙ አም ኢድሪስ፣ «አጎት ኢድሪስ» እንደ ማለት ነው፣ ከሶላት ሲመለሱ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ጎማውን አንዴ አሽከረከሩና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ያ ሰይድ፣ ይሄ ኻላስ፣ አብቅቶለታል» አሉት። «ሌላ ጎማ ፈልግ።»

«አም ኢድሪስ፣ ዛሬ አል-ማንሺያ መድረስ አለብኝ። ሚስቴ ትጠብቀኛለች» አላቸው አባቴ።

አም ኢድሪስ እኔን አዩኝ፣ አባቴን አዩት። «ያላ፣ እንፍታው» አሉ።

ሲፈቱት ግራሶው ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ድቡልቡሎቹ ግማሾቹ ተበልተዋል፣ አንዱ ለሁለት ተሰብሯል። የሚሽከረከሩበት የብረት ቀለበት ተቦርቡሯል፤ በመሃል የሚያልፈውም ዘንግ ጎብጧል። አም ኢድሪስ ከአሮጌ ጎማ ዘንግና ቀለበት ፈተው አወጡ። አባቴ ማርሹን ይዞ የሚዞረውን ክፍል ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሮ እያናወጠ ያጥበዋል። እኔ ከአም ኢድሪስ የዕቃ ቆርቆሮ ውስጥ ያልተቧጨሩ ቢሊዎች እመርጥለታለሁ።

«ባባ፣ ጅዳ በአጀላ ይደረሳል?» አልኩት።

«አይደረስም» አለ። «ባሕር አለው።»

«ታዲያ ጁምዓ ሲሆን በምን እንሄዳለን?»

እጁ ጋዙ ውስጥ ቆመ። ከዚያ ማርሹን በጣቱ ወደ ኋላ አዞረው፤ ቲክ ቲክ ቲክ አለ። ምላሶቹ ተላቀዋል። አም ኢድሪስ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። አባቴ ግን ፈገግ አላለም። ቢሊዎቹን አንድ በአንድ ግራሶ ውስጥ ሲደረድር ቆጠራው እየጠፋበት ደጋግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። አም ኢድሪስ ይህን አይተው ቁልፉን ከእጁ ተቀበሉና እንዳይጠብቅም እንዳይወላገድም አድርገው ራሳቸው አሰሩለት።

አል-ማንሺያ ስንደርስ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተሰግዶ አብቅቷል። እናቴ በሩ ሥር፣ የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ስታየን ዘልላ ተነሣች።

«ቀራችሁ እኮ አልኩ! መምጣት ያልፈለገው ሂጂ ሊለኝ ከብዶት ነው ብዬ፣ እሺ ልላቸው ስገባ ስወጣ ዋልኩ።»

አባቴ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ሂጂ ልልሽ ነበር የተነሣሁት» አላት። «ወላሂ፣ ከቤት ስወጣ ሐሳቤ እሱ ነበር። ይቅር፣ ዘይኑ። አትሂጂብን። ያለንን ይዘን እዚሁ እንሁን።»

እናቴ ጥቁር ግራሶ የለበሱ እጆቹን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገቻቸው። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ጥቁር መስመር ቀርቶ ነበር፤ ሦስታችንም አይተን ሳቅን፤ እየሳቀች አለቀሰች።

ሰዎቹ ወደ ጅዳ የሄዱ ዕለት ልንወስዳት ሄድን። ጓዟን ከብስክሌቱ ኋላ አስረን ከአል-ማንሺያ እስከ አል-ሳሃፋ በእግራችን መጣን። እኔ መሃል ነበርኩ፤ አንድ እጄን እናቴ ይዛዋለች፣ በሌላው የአባቴን ሸሚዝ ይዣለሁ። ጫማዬ ይልጠኝ ነበር፤ ግን አልተናገርኩም፤ መንገዱ እንዲያልቅ አልፈለግሁም።

ዛሬ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ዐረብኛዬ ከአፌ እየጠፋ ነው። አባቴ ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ላይ ዐርፎ እዚያው ተቀበረ፤ ግቢውን የተጋራናቸው ጎረቤቶቻችን የት እንደተበተኑ አላውቅም። እናቴ ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ናት። ስትደውልልኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ «የካርቱም መንገድ ተከፈተ ወይ? መቃብሩን ማን ያየው ይሆን?» «ይከፈታል፣ ኢንሻአላህ» እላታለሁ። ያኔ የምንናፍቀው ሰው የነበረው በዚያው ከተማ፣ በሌላኛው ጫፍ ነበር። ቢዘገይም፣ ቢደክመንም፣ ያው በዕለቱ እንደርስ ነበር።