ጋሽ ወርቁ ከየረር ላይ ሲጣሩ

እዚህ ኖርዌይ የምናስቀድሰው በኪራይ አዳራሽ ነው። ባለፈው እሑድ ስብከቱ ሊጀመር ሲል ሞንታርቦው እንደሚቆላ ቆሎ ተንጣጣ። ዲያቆኑ ሽቦውን ነካ ነካ አድርጎ ዝም አሰኘው። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የአቃቂው ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ትዝ ብለውኝ የስብከቱ መጀመሪያ አመለጠኝ።

ጋሽ ወርቁ በባቡር ጣቢያው ቴሌግራፍ ሲመቱ አርጅተው ጡረታ የወጡ ብቸኛ ሰው ነበሩ። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በዓለም ዙሪያ ከማያውቁት ሰው ጋር በሬዲዮ ለመነጋገር ፈቃድ አገኙ፤ ወረቀቱንም በመስታወት አሠርተው ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀሉት። ሬዲዮናቸው አረንጓዴ የብረት ሣጥን ነበር፤ ሲግል የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። በእንግሊዝኛ ይጣሩና፣ የሀገር ሰው ይኖር እንደሆነ ብለው በአማርኛ ይጨምራሉ፦ «የሚሰማኝ አለ?» ከዚያ ረጅም ጊዜ ያዳምጣሉ። የሚመልስ አልነበረም። ሰፈራችን ረባዳ ነው፤ በዚያ ላይ የፋብሪካዎቹ ሞተር ሲነሣ ሬዲዮው ከጩኸት በቀር ሌላ አያሰማም።

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተያያዘ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ቄሱ እግዚአብሔር ብላቴናውን ሳሙኤልን እንዴት እንደጠራው እያስተማሩ ሳለ፣ ሞንታርቦው ተንጣጣና በሌላ ድምፅ «የሚሰማኝ አለ?» አለ።

ከሴቶቹ ፊት የቆመችው እማዬ ሁለት እጇን ዘርግታ «አለሁ ጌታዬ!» ብላ ጮኸች። አጠገቧ ያሉ አሮጊት እልል አሉ።

ሞንታርቦው ቀጠለ፦ «ወርቁ እባላለሁ፤ ከአቃቂ።» ለካ የሬዲዮው ሞገድ በሞንታርቦው ሽቦ ገብቶ ኖሯል።

ቄሱ እንኳ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ለሰው ሁሉ የአንድ ቀን ሳቅ ነበር፤ ለእማዬ ግን አልነበረም። ገበያ ስትወጣ የሰፈሩ ሰዎች «አስካለ!» ብለው ይጠሯትና ራሳቸው «አለሁ ጌታዬ!» ይሉላታል። መጀመሪያ ከኋላ መቆም ጀመረች፤ ቀጥሎ ከአጥር ውጭ ተሳልማ መመለስ፤ በመጨረሻ እሑድ እሑድ ከቤት አልወጣ አለች። እማዬ ያለ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምትሆን አላውቅም ነበርና ፈራሁ።

ጋሽ ወርቁ ይህን ሲሰሙ ቤታችን መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆሙ።

«አሳፈርኩሽ፣ አስካለ።»

«ተዉት ጋሼ፤ እኔው ነኝ የቀበጥኩት።»

«ሰፈር ውስጥ ዳግመኛ አልከፍተውም። ከየረር ተራራ አናት ላይ እሞክረዋለሁ።» ቀጥለውም፣ «ግን ይህን ያህል ዘመን ስጣራ የመለስሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አብረሽኝ ብትወጪ ደስ ይለኛል» አሉ።

እማዬ እኔን አየችኝ። «ስንቅ ልቋጥራ» አለች።

ኅዳር ላይ ወጣን። ሬዲዮውንና የሚያሠራውን የመኪና ባትሪ በአንድ የኮዬ ገበሬ አህያ ጫንን፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ኮዬ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። ገበሬው «ይሄ ሁሉ ዳገት ለወሬ ነው?» እያለ ሲስቅብን መንገዱ አለቀ። አናቱ ላይ ነፋሱ ጦስኝ ጦስኝ ይሸት ነበር። አቃቂ ከታች ጭስ ብቻ ሆና ትታያለች። ጋሽ ወርቁ ትንፋሻቸው ሳይመለስ የአንቴናውን ሽቦ በሁለት ሸንበቆ መካከል ወጠሩና መጣራት ጀመሩ። ጠርተው ያዳምጣሉ፣ ጠርተው ያዳምጣሉ። እንጀራችንን በልተን ጨርሰን አህያው ሊጫን ሲል፣ ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭን የወንድ ድምፅ ወጣ።

«ከሕንድ ነው!» አሉ። በእንግሊዝኛ ጥቂት ተነጋግረው ማይኩን ለእማዬ ዘረጉላት። «ተራሽ ነው። ቁልፉን ተጭነሽ ተናገሪ፤ ስትጨርሺ ልቀቂው።»

እማዬ ሰውዬው የሚያያት ይመስል ነጠላዋን አስተካከለች።

«አለሁ» አለች። ጌታዬ የሚለውን ተወችው። «አለሁ፤ እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

ሰውዬው የመለሰው አልገባንም። እማዬ ግን ለሣጥኑ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

በሚቀጥለው እሑድ ከሴቶቹ ፊት ቆመች። ስንወጣ አንዷ «አለሁ ጌታዬ!» ስትላት፣ «አዎ እቴ፣ ሕንድ ድረስ ተሰምቻለሁ» አለቻትና መንገዷን ቀጠለች።

ጋሽ ወርቁ ካረፉ ቆይተዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሣጥኑን ማን እንደወሰደው አላውቅም። እማዬ ስልክ ስታነሣ እንደ ሌላው ሰው «ሄሎ» አትልም። ከዚህ ስደውልላት መጀመሪያ መስመሩ ይንሿሿል። ከዚያ «አለሁ» ትላለች።